የሚፈታው ማነው? የገመድና የክንድ ታሪክ

አረካ ገበያ ላይ የቃጫ ገመድ ተጠቅልሎ ይሸጣል። ገዢው ላም ይሰርበት፣ አህያ ይጫንበት፣ የጎጆ ማገር ይጠፍርበት ሻጯ አትጠይቅም። ገመዱ የሚወጣው ከእንሰት ነው፤ በወላይትኛ ኡታ ከምንለው ተክል። ሴቶች የእንሰቱን ግንድ ኮባ በኮባ ይነጥሉና በተጋደመ ሳንቃ ላይ በመፋቂያ ይፍቁታል። የሚበላው ክፍል ወደ ታች ይወርድና ቆጮ ይሆናል። ሳንቃው ላይ የሚቀረው ረጅም ነጭ ጭረት ደግሞ ይደርቅና ይገመዳል። አንድ ተክል ቤተሰቡን ያበላል፣ ከብቱንም ያስራል። በዓለም ገበያ «ማኒላ» እየተባለ መርከብ ሲያስር የኖረው የአባካ ገመድ እንኳን የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም የሙዝ ቤተሰብ ናቸው። አረካ ደግሞ እንሰትን የሚያጠና የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት። ገመድ እዚህ የቤት ልጅ ነው።

ታዲያ ስለ ገመድ የምጽፈው በእንሰት ምክንያት ብቻ አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ብዙ የምትቆዩ ከሆነ የጃፓኖቹን የገመድ ጥበብ፣ ሺባሪ የሚሉትን፣ ሳታዩ አልቀራችሁም። ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው አንዱ ሌላውን በገመድ ያስራል። ለአንዳንዱ የፍቅር ጨዋታ ነው፣ ለአንዳንዱ የመድረክ ትርኢት፣ ለሌላው ደግሞ ለፎቶ የሚሠራ ነገር። ወዳችሁት ይሁን ገርሟችሁ፣ አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፦ ሰውን ሳይጎዱ ማሰር እንዴት ይቻላል?

የሚገርመው፣ ይህ ጥያቄ በኛ አገር ከተመለሰ ቆይቷል። የተመለሰው ግን ተገልብጦ ነው። ሰውን ጎድቶ ማሰር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ክንድ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ አለ። ጃፓንም ብትሆን አሁን ወደምናየው ጨዋታ የደረሰችው ከእስር ቤቷ ተነስታ ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማንበብ ከማንኛውም የቪዲዮ ትምህርት በፊት መምጣት ያለበት ይመስለኛል።

ቁራኛ፦ አሳሪም ሲታሰር

እስር ቤት የሚለውን ቃል ቆም ብላችሁ አስቡት። የማሰሪያ ቤት ማለት ነው። አማርኛ «በገመድ አሰረው» እና «ወህኒ አስገባው» የሚሉትን ሁለት ነገሮች በአንድ ግስ ይላቸዋል። መጀመሪያ ላይ ቤት የሚባል ነገር አልነበረማ። የነበረው ገመድና ሰንሰለት ነው።

ከድሮዎቹ የኢትዮጵያ የፍርድ ልማዶች አንዱ ቁራኛ ነው። ባለዕዳና አበዳሪ፣ ወይም ተከሳሽና ከሳሽ፣ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አንድ ላይ ይታሰራሉ። አንዳንዴ በሰንሰለት እጅ ለእጅ፣ አንዳንዴ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያድራሉ። የውጭ ተጓዦች ይህን አይተው በመደነቅ ጽፈዋል፣ ፎቶም አንስተዋል። ልማዱ ጠፍቶ ቃሉ አፋችን ላይ ቀርቷል። ከአልጋ መነሳት ያቃተውን ሕመምተኛ «የአልጋ ቁራኛ» የምንለው ከዚያው ነው።

ቁራኛ ደግ ሥርዓት ነበር ለማለት አልደፍርም። ጉልበተኛ አበዳሪ ደካማውን ባለዕዳ ገበያ ለገበያ ሊጎትተው ይችል ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ያሰረው ሰውም ታስሯል። ጥሎ መሄድ አይችልም። የታሰረው ሲያስለው ይሰማል፣ ሲርበው ያያል፣ ገመዱ ሲከብድ ለሁለቱም ይከብዳል። ያሰረ ሰው ካሰረው ሰው አጠገብ አይጠፋም። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ቁራኛ ደግሞ የሚሠራው ስምና ዋስ ላለው ሰው ነው። ዋስ የሌለው ሰው ታሪኩ ሌላ ነው። በ1887 ዓ.ም. የአጼ ምኒልክ ጦር ወላይታ ላይ ሲዘምት ካዎ ጦና ቆስሎ ተማረከ፣ ብዙ ሕዝብም አለቀ፣ ብዙ ሰው ተማርኮ ተነዳ። ከዘመቻው ጋር የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርሄይም ያየውን በመጽሐፍ አሳትሞታል። ለምርኮኛ ሌላው የገመድ ጫፍ ላይ ያለው ሰው ተከራካሪው ሳይሆን ባለቤቱ ነው። መቼ እንደሚፈታ የሚቆረጥ ቀን፣ የሚቀርብበት ዳኛ የለውም። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዘመቻው ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ማለት ነው።

የፊጥኝ

ሌላው የምናውቀው እስር የፊጥኝ ነው። የሰውየው ሁለት ክንዶች ወደ ኋላ ይጠመዘዙና ከክርኑ በላይ ይታሰራሉ፤ ክርንና ክርን እስኪነካካ ይጠበቃል። ደረት ወደ ፊት ይወጣል፣ ትከሻ ወደ ኋላ ይቀደዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ሥጋ ውስጥ ይገባል።

የፊጥኝ የመንግሥት ፈጠራ አይደለም። ሌባ የያዘ መንደር ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ የሚያስረው በዚሁ መንገድ ነው፤ «የፊጥኝ አስረው አስረከቡት» የሚለው ወሬ ዛሬም ይሰማል። መንግሥት ያደረገው ይህን የመንደር ገመድ ወስዶ የምርመራ ክፍል ውስጥ ማስገባት ነው። በቀይ ሽብር ዘመን ቀበሌ ሳይቀር እስር ቤት ነበረው። የፊጥኝ የታሰረውን ሰው ውስጥ እግሩን መግረፍ፣ ወይም እጅና እግሩን አንድ ላይ አስሮ በእንጨት ላይ ዘቅዝቆ መግረፍ የተለመደ ሆነ። ይህኛውን «ወፌ ላላ» አሉት። ለሕፃን የሚባል የሚመስል ስም ለዚህ መዋሉ ራሱ ያስፈራል። መስቀል አደባባይ ጎን ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የገባ ሰው የዚህን ዘመን ማስረጃ ያገኛል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች ኮተቤ ላይ የጅምላ መቃብር ሲከፍቱ ደግሞ ናይለን ገመድ ከአጽሞች አንገት ላይ ተገኝቷል። ሥጋው ፈርሶ ቋጠሮው ቀርቶ ነበር።

ደርግ ወደቀ፣ ገመዱ ግን ሥራ አልፈታም። በኢሕአዴግ ዘመንም የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች ክንድን ወደ ኋላ አስሮ ስለመምታት፣ በእጅ አንጓ አስሮ ስለመስቀል የታሳሪዎችን ቃል መዝግበዋል። ስሙ ሲጠራ ብዙ ሰው የሚዘገንነው ማዕከላዊ የተዘጋው በ2010 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ሁሉ ምስክርነቶች ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ «ከተፈታሁ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ።»

ክንድ ውስጥ ያለው ሽቦ

ሥራዬ ኮድ መጻፍ፣ የተማርኩት ደግሞ ምህንድስና ስለሆነ ይህን ክፍል በራሴ ቋንቋ ላስረዳ። ክንዳችን ውስጥ ከአንገት እስከ ጣት የሚወርዱ ነርቮች አሉ። እንደ መረጃ ኬብል አስቧቸው። ደም ሥር ቢታፈን እጅ ይጠቁራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ይታያል። ነርቭ ሲታፈን ግን ላይ ላዩ ምንም ላይታይ ይችላል። ሕመምም ላይኖረው ይችላል፤ መደንዘዝ ብቻ ይሆናል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ሲል «ለመድኩት» ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። መስመሩ ተቋርጦ ነው ዝም ያለው።

በተለይ ሦስት ቦታዎች አደገኛ ናቸው። አንደኛው ራዲያል የሚባለው ነርቭ የላይኛውን ክንድ አጥንት ከኋላ ዞሮ ወደ ውጪ የሚወጣበት ቦታ ነው፤ እዚያ አጥንቱ ላይ ስለተለጠፈ ገመድ በቀላሉ ያገኘዋል። ሁለተኛው ክርን ነው፤ ስትመቱት ጣት ድረስ የሚነዝራችሁ ነርቭ እዚያ ከቆዳ ሥር ያልፋል። ሦስተኛው ብብትና ትከሻ ነው፤ ሁሉም ነርቮች ተጠቅልለው የሚያልፉት በዚያ ነው፤ ትከሻ ወደ ኋላ ሲጎተት ይለጠጣሉ። አሁን የፊጥኝን እንደገና ሳሉት። ሦስቱንም በአንድ ገመድ ይመታል።

ራዲያል የተጎዳ ሰው እጁን ከአንጓው ቀና ማድረግ አይችልም። መዳፉ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ታች ይወድቃል። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። የነርቩ ክር ራሱ ከተበጠሰ ግን እንደ አዲስ ማደግ አለበት፤ የሚያድገው ደግሞ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከትከሻ እስከ መዳፍ 60 ሴንቲሜትር ብንል 600 ቀን ይሆናል። ጡንቻው ያን ያህል ሳይታዘዝ ከቆየ ነርቩ ቢደርስለት እንኳን ላይቀበለው ይችላል። የአንድ ሌሊት ገመድ ሁለት ዓመት ያስከፍላል፣ አንዳንዴ ዕድሜ ልክ።

ጃፓን፦ ከምርመራ ክፍል ወደ መድረክ

አያቶቻችን ጃፓንን በደንብ ያዩ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ሲረቀቅ በጃፓን እ.ኤ.አ. የ1889 ሕገ መንግሥት ላይ ተመርኩዟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቶኪዮ ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘ መጽሐፍ ጽፈዋል። ያኔ የታየው ፋብሪካው፣ ባቡሩ፣ ሠራዊቱ ነው። ከዚያ ብርሃን በስተጀርባ ጃፓን ገመዷን ምን እንዳደረገች እኛ እንይ።

በኤዶ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1603 እስከ 1868፣ ሰውን በገመድ መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ ሆጆጁትሱ ይባላል። የሳሙራይና የሕግ አስከባሪ ትምህርት ነበር። ለፈጣን መያዣ አንድ ዓይነት ገመድ፣ እስረኛን አዘጋጅቶ ለማጓጓዝ ሌላ ዓይነት። የታሳሪው ደረጃም ይታያል፤ ሳሙራይ፣ መነኩሴና ተራ ሰው አንድ ዓይነት አይታሰሩም። ስለ ጥበቡ ሲወራ አራት ደንቦች ተደጋግመው ይጠቀሳሉ፦ እስረኛው እንዳያመልጥ፣ አካሉም መንፈሱም እንዳይጎዳ፣ አስተሳሰሩን ሌላ ሰው እንዳያይ፣ ሲያዩት ያማረ እንዲሆን። ገና ያልተፈረደበትን ሰው ሲይዙ ገመዱን ጠምጥመው ይይዛሉ እንጂ አይቋጥሩበትም ነበር ይባላል፤ ቋጠሮ ከወንጀለኛ ተራ ስለሚያስቆጥር።

ወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ይላል። ምርመራ ክፍል ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። በኤዶ ሕግ ከባድ ቅጣት ለመወሰን የተጠርጣሪው የእምነት ቃል ያስፈልግ ነበር። ቃሉን ለማውጣት ከሚፈቀዱት ማሰቃያዎች አንዱ ትሱሪዜሜ ነው፤ ሰውየው ክንዶቹ ወደ ኋላ ታስረው ይንጠለጠላል። የፊጥኝ ብላችሁ ተርጉሙት፣ ብዙም አትርቁም። የዓለም ሁለት ጫፎች ሳይተዋወቁ አንድ ቋጠሮ ላይ ደረሱ። ሁለቱም «ተናገር» ለማለት የፈለጉ ሰዎች ናቸው የሠሩት።

የሜጂ መንግሥት ሲመጣ ለሕግ ማሻሻያ የቀጠረው ፈረንሳዊ የሕግ ምሁር ቧሶናድ እ.ኤ.አ. በ1875 ማሰቃየት በገዛ ዓይኑ አይቶ ተቃወመ። በ1879 ማሰቃየት በሕግ ተሻረ። እኛ የተዋስነው ሕገ መንግሥት የመጣው ከዚህ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ጃፓን ገመዱን ከመርማሪው እጅ ወሰደች፤ ቢያንስ በሕግ።

ገመዱ የት ሄደ? ወደ ሥዕልና ወደ መድረክ። የካቡኪ ቲያትር ድሮም የታሰሩ ገጸ ባሕርያት ነበሩት። ኢቶ ሴይዩ የሚባል ሠዓሊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1882 እስከ 1961 የኖረ፣ የኤዶን ቅጣቶች አጥንቶ የታሰሩ ሰዎችን ይሥል፣ ፎቶም ያነሳ ነበር። የዘመናዊው ኪንባኩ አባት ይሉታል፤ ኪንባኩ አጥብቆ ማሰር፣ ሺባሪ ደግሞ ማሰር ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ሚስቱን በገመድ ዘቅዝቆ ያነሳው ፎቶ እስካሁን ያከራክራል። ስለዚህ ፈቃድና ጥንቃቄ ገና ከጅምሩ አብረውት አልተወለዱም። ከጦርነቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ፣ ኪታን ክለብ የመሳሰሉ መጽሔቶች አሰራጩት፤ ቀስ ብሎም ከጃፓን ወጣ። ዛሬ የሚጠቀሱት የደኅንነት ሕጎች ከዚያ ወዲህ፣ በብዙ በደነዘዘ እጅ ላይ የተጻፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ቋጠሮ

ታዲያ የሺባሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚለማመደው ቋጠሮ ምንድን ነው? አንድ እጅ ወይም አንድ እግር የሚታሰርበት፣ ቀላል፣ እንደ አምባር ያለ ነገር ነው። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ከጁት ወይም ከሄምፕ የተገመደ ነው፤ ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ሜትር ገደማ፤ ለሁለት ታጥፎ ይያዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን ይጠመጠማል፣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል፣ ከዚያ አንዱ ጫፍ በጥምጥሞቹ ሁሉ ሥር ያልፍና ከላይ ይቋጠራል።

መሐንዲስ ሆናችሁ እዩት። ጎን ለጎን የተጠመጠመው ጫናውን ሰፋ ባለ ቆዳ ላይ ለማከፋፈል ነው። ጫፉ በሥር የሚያልፈው ደግሞ ገመዱ ሲጎተት እንዳይጠብ ነው። ሸምቀቆ ሲጎተት ይጠብቃል፤ የተሠራውም ለዚያ ነው። ይህኛው ቢጎተት ባለበት ይቆማል። የወላይታ ገበሬ ይህን ልዩነት ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ የጥጃ አንገት ላይ ሸምቀቆ የሚያስር የለም፣ ጠዋት ሞቶ ያገኘዋላ።

ቀሪው ጥንቃቄ ከታሪካችን ላይ በቀጥታ ሊነበብ ይችላል፤ የፊጥኝ ያደረገውን ሁሉ ገልብጡት። የፊጥኝ ክርንን ያጣብቃል፤ ጠንቃቃ አሳሪ ክርንን፣ ብብትንና የላይኛውን ክንድ መሀል ለጀማሪ ክልክል ያደርጋል። ያኛው ቀጭን ናይለን ይመርጣል፣ ይህኛው ለስላሳና ወፈር ያለ ገመድ፤ ቃጫችንም ቢሆን ሻካራ ስለሆነ ለቆዳ አይመችም። አንገት በፍጹም አይነካም። ማንጠልጠል አብሮ ቆሞ ከሚያሳይ አስተማሪ ጋር ለዓመታት ለተለማመደ እንጂ ቪዲዮ ላየ ሰው አይደለም። ጫፉ ደፍ ያለ መቀስ እጅ ከሚደርስበት አይርቅም። በየደቂቃው ይጠየቃል፦ «ጣቴን ጨብጪ፣ እጅሽን ከአንጓው ቀና አድርጊ፣ ይደነዝዝሻል?» ነዘረኝ ካለች «ትንሽ ቆዪ» የሚባል ነገር የለም፤ ወዲያው ይፈታል። ከተፈታ በኋላም እጅ ቀና ካላለ ሐኪም ቤት ነው፤ ይሉኝታ ነርቭ አያድንም።

ከቁራኛ ደግሞ አንድ ነገር እንውሰድ ብያችሁ ነበር። ያሰረ ሰው አይርቅም። ስልክ ለማንሳት፣ ቡና ለማፍላት፣ «መጣሁ» ብሎ መውጣት የለም። የታሰረው ሰው ራሱን መፍታት ስለማይችል አሳሪው የእሱ እጅ ሆኗል። በስካር ደግሞ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ የሰከረ አይስማማም፣ የሰከረም አይጠነቀቅም።

አማርኛ «ውል» ሲል ሁለት ነገር ይላል። አንዱ ስምምነት ነው። ሌላው የክር ጫፍ ነው፤ የተወሳሰበ ልቃቂት ስናይ «ውሉ ጠፋ» የምንለው። ጫፉን ካገኛችሁት ሁሉም ይፈታል። ሁለት ሰዎች ገመድ ከማንሳታቸው በፊት የሚነጋገሩት ነገር በሁለቱም ትርጉም ውል ነው፤ ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም፣ የትኛው ቃል ሲነገር ሁሉም ይቆማል። እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ኮንትሮል ዜድ የሌለበት ፕሮግራም ላይ መሥራት እንፈራለን። ሰው አካል ላይ የሚሠራ ነገር መመለሻ ከሌለው ጨርሶ መጀመር የለበትም።

ፍትሕ

አሁን ወደ ራሳችን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ማንም ሰው ከጭካኔ፣ ኢሰብዓዊ ከሆነና ክብሩን ከሚያዋርድ አያያዝ የመጠበቅ መብት አለው ይላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 424 ተጠርጣሪን የሚያሰቃይ የመንግሥት ሠራተኛን ይቀጣል። ኢትዮጵያ ማሰቃየትን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሕግ አለን። የፊጥኝ ግን በሰፈር ደረጃ እስካሁን እንደ ነውር አይታይም። ሌባ ሲያዝ ገመድ የሚያመጣ ሰው አይጠፋም፣ ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽም አይጠፋም። የሚያስረው ሰው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ሲያስሩ ያየውን ነው የሚያስረው። የሰረቀው ዶሮ ቢሆን፣ ስልክ ቢሆን፣ ገና ዳኛ ያላየው ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ማንኪያ የማያነሳ እጅ ይዞ ሊቀር ይችላል።

ቃላችን እዚህም ይረዳናል። ፍትሕ የሚለው ቃል ከግዕዙ «ፈትሐ» የመጣ ነው። ትርጉሙ ፈታ፣ ከፈተ፣ ፈረደ ነው። የጥንት ሰዎች ፍርድን ያዩት እንደ መፍታት ነው። ነገር ይፈታል፣ ሰው ይፈታል፣ ቋጠሮ ይፈታል። ፍትሐ ነገሥትም፣ ካህን ለሞተ ሰው የሚያደርሰው ፍትሐትም ከዚያው ሥር ናቸው።

ስለዚህ ገመድ ያለበት ነገር ስታዩ፣ ጨዋታም ይሁን ቅጣት፣ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ይሁን፦ የሚፈታው ማነው፣ መቼስ ነው የሚፈታው? ታሳሪው «በቃ» ሲል የሚፈታ ከሆነ፣ ያ በሁለት አዋቂዎች መሀል ያለ ውል ነው። አሳሪው ሲበቃው ብቻ የሚፈታ ከሆነ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን የፊጥኝ ነው።

ሰፈራችሁ ውስጥ ሌባ ተይዞ ክርኑ ከክርኑ ተጣብቆ ካያችሁ ደግሞ ክርክር አያስፈልግም። እጁን ወደ ፊት አምጡለት፣ ገመዱን ከአንጓው ላይ ጣት በሚያስገባ ክፍተት አላሉት፣ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ይችል እንደሆነ ጠይቁት፣ ፖሊስ እስኪመጣም አጠገቡ ቁሙ። አያመልጥም። ነገ ፍርድ ቤት የሚቀርበው እጁ ጤነኛ ሆኖ ነው።